የቤጊማይ ጫማ

ኦክቶበር 4፣ ዓርብ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ያቺ ሴት ናት። «ሳይካል ኤጄ፣ ስለ ቤጊማይ ትዝ ያለዎትን ሁሉ ይጻፉበት። ለማንም ማሳየት የለብዎትም፤ ለእኔም ቢሆን» አለችኝ። በሁለት ዓመት ስለምበልጣት ኤጄ ትለኛለች፣ እንደ ታላቅ እህቷ። እኔ እህት አላደረግኳትም።

ልጽፍ አላሰብኩም ነበር። ዛሬ ላሞቹን አልቤ ስገባ ግን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ እጄም ቶሎ ይደክማል።

ቤጊማይ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ባለፈው ሜይ ተጠለፈች። በጁላይ ከወንዝ አወጧት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ለዛሬ ይኸው ነው።

ኦክቶበር 6፣ እሁድ

ሴትየዋ ዲልባር ትባላለች። ከናሪን ከተማ ነው የምትመጣው፣ ፍርድ ቤቱ ልኳት። ሥራዋ ልጄ ከመሞቷ በፊት ልቧ ምን እንደነበር ማጣራት ነው። ለዚህም ትምህርት አለ አሉ። የጠለፋት ታላይና ቤተሰቡ ገፍተው ለሞት አድርሰዋት እንደሆነ ዲልባር በምትጽፈው ወረቀት ይታያል። ባሌ ኦሮዝ «ያለ እሷ ወረቀት ክሳችን ባዶ ከረጢት ነው» ይላል።

ቤጊማይን በሕይወቷ አላየቻትም። እኔ ዘጠኝ ወር ተሸከምኳት፣ ሁለት ዓመት አጠባኋት። አሁን ስለ ልጄ ልብ የምትጠየቀው እሷ ሆነች።

ከዚህ የባሰም አለ። ቤጊማይ ከመጠለፏም በፊት፣ በታላይ ቤትም ሳለች በነርስ ትምህርቷ ደብተር ጀርባ ላይ ትጽፍ ኖሯል። መርማሪው ከፍራሽ ሥር አግኝቶ ለዲልባር ሰጣት። እኔ አላየሁትም። ትናንት ዲልባር እዚህ የሱፍ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ደብተሩ በቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ነው። የልጄ ጽሑፍ የእኔን ሻይ ከምትጠጣ ሴት ጉልበት ሥር ተቀምጧል። «ስኳር ልጨምርልሽ?» አልኳት።

«የመጀመሪያው ቀን የሙሽራነቱን ነጭ ሻሽ ማን ነው ያሰረላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የታላይ አያት» አልኩ።

ጻፈችው።

ኦክቶበር 11፣ ዓርብ

ዓርብ ስለሆነ ለሙት ዘይት አጋልኩ። ሰባት ቂጣ ጠበስኩ። ሽታው ወደሷ ይድረስ ብዬ በሩን ከፈትኩት።

ታናሿ ልጄ ጃዝጉል ከትምህርት ቤት ስትገባ አየር በአፍንጫዋ ሳበችና «አፓ፣ ዲልባር ኤጄም እኮ ለቤጊማይ ዘይት አግላለች። ባረፈችበት እንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት። የማረፊያው ባለቤት ናት የነገረችኝ» አለች።

«በየትኛው መብቷ?»

«መብት ያስፈልገዋል እንዴ?»

ቂጣዬን ለጎረቤት አከፋፈልኩ። ሁለቱ አርረው ነበር።

ኦክቶበር 15

ጃዝጉል አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ ዲልባር ትምህርት ቤታቸው ትገባለች። ሴቶቹንና ወንዶቹን ለየብቻ ሰብስባ ስለ ጠለፋና ስለ መደፈር ታስተምራለች። እሷ «መከላከል» ትለዋለች። ጃዝጉል ማክሰኞ ማክሰኞ ቁርስ ሳትበላ ትሮጣለች። ለእኔ ላም ለማሰር እንዲህ ሮጣ አታውቅም።

ዛሬ እራት ላይ ወሬዋን አላቆመችም።

«አፓ፣ ግድግዳው ላይ እንደ ዲልባር ኤጄ ያሉ የሰባት ባለሙያዎች ፎቶ ተለጠፈ። ቀድሞ ምን ሥራ ላይ እንደነበሩ ከሥሩ ተጽፏል። አንዱ የጁዶ አሠልጣኝ ነበር! አንዷ አዋላጅ። አንዱ የጦር ሠራዊት ሐኪም፤ አንዷ የሕፃናት ፖሊስ። ከመጀመሪያው ይህን የተማረ አንድም የለም። እኛም ለምን አልን።»

«እና ምን አለቻችሁ?»

«‹ሁላችንም በየሥራችን ላይ አንድ ቀን አንዲት ልጅ በፊታችን አለፈች፤ ዝም አልን። ከዚያ በኋላ ነው የተማርነው› አለች።»

ኦሮዝ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ያቺስ? እሷ ምን ነበረች?»

«የመንደር አስተማሪ። ከዚያ ስምንት ዓመት የወንዶች እስር ቤት።»

«ታስራ?»

«አባዬ ደግሞ! ተቀጥራ እንጂ!» ብላ ሳቀች። ኦሮዝም ሳቀ። ከጁላይ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። እኔ ካደረግሁት ነገር አንዱም አላሳቀውም ነበር።

እኔ ምን ነበርኩ? አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ኦሮዝ ጠለፈኝ። አለቀስኩ፤ ኖርኩ። ከፎቶዬ ሥር የሚጻፍ የለኝም።

ኦክቶበር 20፣ እሁድ

ድንች አወጣን። መሬቱ ሊበርድ ነው፤ ተራራው ጫፍ ላይ ነጭ ታየ።

ዲልባር መጣች። ተቀምጣ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ጫማዋን ቀይራ መቆፈሪያ አነሳች። ቆፋሪ ናት፤ ይህን መካድ አልችልም። ድንቹን ሳትቆርጥ ታወጣለች። ኦሮዝ «ይህች የመንደር ልጅ ናት» አለ። እኔን ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንቆፍር ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሻይ ስንጠጣ ማሳው ዳር ስለራሷ ነገረችኝ። አልጠየቅኳትም። አስተማሪ ሳለች አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዋን ጠለፏት። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሠርጉ ላይ ተጠራ፣ እሷም ሄደች። ሥጋ በላች። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ አየቻትና «መምህር» አለቻት። እሷ «እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ወጣች።

«በማግስቱ መዝገብ ስጠራ ስሟን ዘልዬ አለፍኩ። ይኸው ነው ወደዚህ ሥራ ያመጣኝ፣ ሳይካል ኤጄ። በርቀት ትምህርት ተማርኩ። ከዚያ እስር ቤት ገባሁ፤ ያደረጉትን ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጬ ስምንት ዓመት ጠየቅኳቸው። እንዴት እንደሚመርጡ፣ ለራሳቸው ምን እንደሚሉ።»

«ምን ይላሉ?»

«‹ማንም አትነካ አላለኝም› ይላሉ። ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚሉት።»

ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። የልጄን ደብተር የምታሳየኝ መስሎኝ ነበር። በራሷ እጅ የገለበጠችውን ወረቀት ነው ያወጣችው። «ሜይ 18፣ የመጀመሪያው ቀን። የጻፈችው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ገባኝ፤ ይህን ግን ልፈታው አልቻልኩም» ብላ አነበበችልኝ።

«ጫማዬን አደረግኩ። ጫማዬን አወለቅኩ።»

«እስከዚያች ሰዓት ድረስ ታግላለች። ሁለት ሻሽ ቀዳለች፣ ምስክር አለ። ከዚያ በኋላ በሰባት ሳምንት ውስጥ አንድም ጊዜ አልታገለችም። በመካከሉ አንድ ነገር ሆኗል። ይህ ጫማ ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አልኩ።

ኦክቶበር 21

አውቃለሁ።

እሷ አታውቅም። ደብተሩ በእጇ አለ፣ የልጄን ስልክ ከፍታለች፣ ጓደኞቿን አነጋግራለች፣ የምትወደውን ዘፈን ሳይቀር ታውቃለች። ይህችን ግን አታውቅም። ስለ ልጄ እኔ ብቻ የማውቃት አንዲት ነገር ቀርታለች።

ኦክቶበር 22

ጫማው በር ላይ ነው። ቡናማ፣ በክር የሚታሰር። ከቀብሩ በኋላ ከታላይ ቤት በፌስታል ነው የመለሱልን። በስብ አሸሁት። በየሳምንቱ አሸዋለሁ። ማን ሊያደርገው ነው?

ኦክቶበር 27፣ እሁድ

ቡሩል እርጎ ልትወስድ መጣች። የኦሮዝ ወንድም ሚስት ናት፣ ግን ከታላይ አክስት ጋር በአንድ ሱቅ ትሠራለች።

«ያቺ ሴትዮ ሙት ታናግራለች የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«ወረቀት ነው የምታናግረው።»

«እኛ መንደር ሙት የሚያናግር ሽማግሌ ነበረ። እሱ እንኳ ደመወዝ አልነበረውም! ወንዶች እስር ቤት ነበረች አሉ። ስምንት ዓመት ከደፋሪ ጋር ተፋጣ የተቀመጠች ሴት ጤና ይኖራታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ጃዝጉልንም እኮ ወስዳብሻለች። መንገድ ላይ አየኋቸው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው። እናትና ልጅ ነው የሚመስሉት። ጃዝጉልም ደረሰች እኮ! ታላይ ከተፈታ ‹የሚስቴን ምትክ› እንዳይልሽ ብቻ።» ሳቀች። ከዚያ «ቀልዴን ነው» አለች።

ጥቂት ተጫወትን። እርጎዋን ይዛ ሄደች።

እጅ ለእጅ።

ኖቬምበር 1

በረዶ ወረደ። ጃዝጉል አላናግርሽ አለችኝ። ማክሰኞ ወደ ዲልባር እንዳትሄድ ከልክያት ነበር። «ላሟ ታማለች» አልኳት። ላሟ አልታመመችም።

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ

ፍርድ ቤት። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ዲልባር ቆማ ወረቀቷን አነበበች። ስለ ልጄ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሰማት። ቤጊማይ በሕይወት ሳለች እንዲህ ዝም ብሎ የሰማት የለም።

ከዚያ የታላይ ጠበቃ ተነሣ። ለስላሳ ድምፅ አለው።

«ባለሙያዋ ቀድሞ አስተማሪ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ተማሪዎ ስትጠለፍ ሠርጉ ላይ ተጋብዘው ሥጋ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

«‹እንኳን ደስ አለሽ› ብለዋታል?»

«ብያታለሁ።»

«በማግስቱ ስሟን ከመዝገብ ዘለው አልፈዋል?»

«አዎ።»

«ከዚያም ስምንት ዓመት ከደፋሪዎች ጋር ሻይ ሲጠጡ ኖረው...»

«እስር ቤት ውስጥ ሻይ አይፈቀድም ነበር» አለች። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ትናንት የሠርግ እንግዳ፣ ዛሬ የሠርግ ዳኛ! ክቡር ዳኛ፣ እኚህ ሴት የራሳቸውን ጸጸት ነው በሟቿ ላይ የጻፉት። በገጽ አሥራ አራት ላይ ደግሞ ራሳቸው ‹ትግሉን ያቆመችበት ምክንያት አልታወቀም› ይላሉ። እኛ እንንገራቸው፦ ወዳ ነው ያቆመችው! ሻሹን ተቀብላለች፤ ወረቀቱ ከክሱ መዝገብ ይውጣ።»

ዳኛው በሚቀጥለው ችሎት፣ ዲሴምበር 6፣ እወስናለሁ አለ።

ከየት ሰሙ? ስለ መዝገቡ፣ ስለ «እንኳን ደስ አለሽ»?

ኖቬምበር 9

ከየት እንደሰሙ አላውቅም። መንደር ነው፣ ወሬ ይዞራል።

ኖቬምበር 10

ለቡሩል ብቻ ነው የነገርኳት። እርጎ በምቀዳበት ጊዜ። ስለ እጅ ለእጁ ከነገረችኝ በኋላ። «አስተማሪ ነበረች፣ በተማሪዋ ሠርግ ላይ ሥጋ በልታ ወጣች፣ ምኗን ነው ለልጄ የምታስተምራት» አልኳት። ስለ «እንኳን ደስ አለሽ»ም፣ ስለ መዝገቡም ነገርኳት። ሲወጣልኝ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

ለክረምት ሥጋ ፈረስ የሚታረድበት ጊዜ ነው። ሦስት ነጭ ጢማም ሽማግሌዎች ከታላይ ቤት የሰባ ፈረስ እየጎተቱ መጡ።

«ሳይካል፣ ልጄ» አለ ትልቁ፤ «የሞተ አይመለስም። ይህ ፈረስ ለቤጊማይ የዓመት መታሰቢያ ይሁን። ክሱን ተዉት። እኛም ጎረቤት ነን፣ ነገም በአንድ መንገድ ነው የምንሄደው።»

ኦሮዝ መሬት መሬት አየ።

«በሜይ ለቁጣ ማብረጃ በግ አምጥታችሁ ነበር» አልኩ።

«አምጥተናል። ወግ ነው።»

«የቀቀልኩት እኔ ነኝ። አጥንቱ ገና ከጓሮ አልጠፋም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳለ። ኦሮዝ ተነሥቶ ፈረሱን ፈታው፣ ወደ ወንዝ ወስዶ ውሃ አጠጣው፣ መልሶ ገመዱን በሽማግሌው እጅ ላይ አስቀመጠ። «ጠምቶት ነበር» አለ።

ከወጡ በኋላ «እንዴት ያለ መልስ መለስሽ» አለኝ። እኔ ግን ስለ በጉ ነው የማስበው። ጨው በዝቶበት ነበር። እኔም በልቻለሁ። እሷ በተማሪዋ ሠርግ በላች፣ እኔ በልጄ።

ኖቬምበር 23

ዲልባር መጣች። ከችሎቱ ወዲህ ከስታለች። ማን እንደነገረባት አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

«ወረቀቱ ከወጣ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«ከዋና ከተማው ከቢሽኬክ ሌላ ባለሙያ ይፈለጋል። እስከ ፀደይ ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ታላይ ይፈታል።»

«ጠበቃው ያለው እኮ ስለ አንቺ ነው እንጂ ስለ ቤጊማይ አይደለም።»

«ስለ እኔ ያለው እውነት ነው፣ ሳይካል ኤጄ። ሰው ይሰማዋል ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩት። አሁን ተሰማ። ቀለለኝ ልል ነበር፤ አልቀለለኝም።»

ጃዝጉል ገብታ አቀፈቻት። ትከሻዋ ላይ ፊቷን ደፋች። ልጄ ከእህቷ ቀብር ወዲህ እኔን እንዲያ አላቀፈችኝም። ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርኩ። እሳቱ እንጨት አላስፈለገውም ነበር።

በር ላይ ዲልባር ጫማዋን ስታደርግ የቤጊማይን ጫማ አየችው። ነካችው። ስቡን በጣቷ ዳሰሰች። ቀና ብላ አየችኝ።

«በረዶ ነው፣ ተጠንቅቀሽ ሂጂ» አልኳት።

ኖቬምበር 30

ጃዝጉል ዛሬ ከሚኒባስ ማቆሚያ እየሮጠች ገባች። የታላይ የአጎት ልጅ ከመኪና ውስጥ «ሚስታችን ነሽ» ብሎ ፎክሮባታል። «ይቀልዳል» አልኳት።

«ቤጊማይንም በመጀመሪያ እየቀለዱ ነበር» አለችኝ።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

ነገ ችሎት ነው። ኦሮዝ በጎቹ ጋ ነው፣ ጃዝጉል ትምህርት ቤት። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጫለሁ። ሊጡ ቦክቶ ፈሰሰ፣ ተውኩት። ይህን ካልጻፍኩ ነገ መናገር አልችልም።

ሜይ 18 ቅዳሜ ነበር። ቤጊማይ ከናሪን ስትመጣ ከሚኒባስ ማቆሚያው ላይ ወሰዷት። አመሻሽ ላይ ሁለት ሴቶች መጥተው «ልጅሽ እኛ ቤት ናት። ታለቅሳለች፣ መጥተሽ አረጋጊያት» አሉኝ። ኦሮዝ ተራራ ላይ ነበር። ሄድኩ።

ከመሄዴ በፊት ሳጥኔን ከፍቼ ነጭ ሻሽ አወጣሁ። አምጪ ያለኝ የለም። በደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

የታላይ አያት ደጃፉ ላይ ተጋድማ ነበር፣ ልጅ አሮጊት ተራምዶ አይወጣምና። ለእኔ ተነሣችልኝ። ግቢ ውስጥ ድምፄን ስትሰማ ቤጊማይ ከውስጥ «አፓዬ መጣች!» አለች። ሰማኋት። እየሳቀችባቸው ነበር። «ነግሬያችሁ አልነበር? አፓዬ መጣች!»

መጋረጃውን ስገልጥ ምንጣፉ ላይ ቆማለች፣ ጫማዋን አድርጋ። በሰው ቤት ምንጣፍ ላይ። ክሩን ሳይቀር አስራለች። ጸጉሯ ተበታትኗል፣ እግሯ ሥር የተቀደደ ሻሽ አለ።

«አፓ፣ ኮቴን የት እንዳደረጉት አላውቅም። ያለ ኮት እንሂድ፣ አይበርደኝም» አለችኝ።

«ድንጋይ በወደቀበት ይከብዳል፣ ልጄ» አልኳት፤ ከገባሽበት አትውጪ ማለት ነው።

አልገባትም። ፈገግታው ገና ፊቷ ላይ ነበር። ሻሹን አውጥቼ አሰርኩላት። የእነሱን ሁለቱን ቀዳለች፣ የእኔን አልነካችውም። እጇን እንኳ አላነሣችም። ካሰርኩ በኋላ ጎንበስ አለች፣ ክሩን ፈታች፣ ጫማዋን አወለቀች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች፣ ትንሽ ልጅ ሳለች እንዳስተማርኳት።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሻይ ጠጥቼ መጣሁ።

ለምን እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ «ወግ ነው፣ ሰው ምን ይላል» ስል ነበር። ሌላም አለ። እኔ በአሥራ ስምንት ዓመቴ እንዲሁ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ እናቴን ጠብቄያለሁ። ሌሊቱን ሁሉ። አልመጣችም። ቤጊማይ «እንሂድ» ስትለኝ፣ በዚያች ደቂቃ፣ አንድ ነገር በውስጤ «ይህቺ ለምን ትሄዳለች? እኔ አልሄድኩም» አለ። ሰማሁት። የራሴ ድምፅ ነበር። በገዛ ልጄ ቀናሁ።

የእኔ እናት አልመጣችም፤ ያ ነው ያኖረኝ፣ ብትመጣ ኖሮ ትወስደኝ ነበር እያልኩ። ቤጊማይ ግን እናቷ መጣችባት።

በዲልባር ላይ የምቀናው ልጄን ስላወቀች ነው እያልኩ ስጽፍ ቆየሁ። እሷ ስሟን የዘለለችውን ልጅ ለሁሉ ትናገራለች። እኔ የዘለልኩትን በስብ አሸዋለሁ።

ዲሴምበር 6፣ ዓርብ

ተናገርኩ።

የታላይ አያት መጀመሪያ ተጠራች። «እኔ ሻሽ አላሰርኩም፣ በአላህ። እኔ ስገባ አስራ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ጠበቃው እጁን ዘረጋ፤ «ይኸው! በፈቃዷ!» አለ።

ተነሣሁ። ዳኛው ተቀመጪ አለኝ፣ አልተቀመጥኩም። ጸሐፊዋ ስሜን ጠየቀች፣ ከዚያ «ሙያ?» አለች።

«ላም አልባለሁ።»

ስለ ሻሹ ነገርኳቸው፣ ስለ ጫማውም፣ ስለ ኮቱም። ስለ ቅናቱ አልነገርኩም፤ እሱ እዚህ ደብተር ውስጥ ይበቃዋል። ከጨረስኩ በኋላ ጠበቃው «እንግዲያው ጥፋተኛዋ እናቲቱ ናት» አለ።

«አዎ» አልኩት። «ልጄ ግን ጫማዋን አድርጋ ነበር። መሄድ ነበር የፈለገችው። ይህን ጻፉ።»

ዳኛው ዲልባርን ይህ ከወረቀቷ ጋር ይሄድ እንደሆነ ጠየቃት። «ገጽ አሥራ አራት ላይ አልታወቀም ያልኩት አሁን ታወቀ» አለች። ዳኛው ወረቀቱ እንዳለ ይቆያል አለ። ታላይ አልተፈታም። ፍርዱ በጃንዋሪ ነው።

ኦሮዝ አላየኝም። ጃዝጉል ኮሪደሩ ላይ ነበረች፣ በሩ ክፍት ነበር። ሰምታለች።

ደጅ በረዶው ላይ ዲልባር አጠገቤ ቆመች። «ለቡሩል የነገርኳት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ደብተሩ ስለ እኔ ምን ይላል?»

እንድትዋሸኝ ፈልጌ ነበር። «ከሜይ 18 በፊት በየገጹ አሉ፤ አፓ እንዲህ አለች፣ ለአፓ ይህን ልግዛ። ከዚያ በኋላ ‹አፓ› የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም» አለችኝ።

እጄን ያዘችኝ። አልነጠቅኳትም።

ዲሴምበር 9፣ ሰኞ

ጃዝጉል ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ዛሬ ጠዋት የቤጊማይን ጫማ አድርጋ ትምህርት ቤት ሄደች። ልኳ ነው።

ከሰዓት ሳጥኔን ከፈትኩ። ነጭ ሻሾቹን ሁሉ አወጣሁ፤ ለጃዝጉል የሠርግ ቀን ያስቀመጥኳቸውም አሉ። ስድስት ነበሩ። የወተት ማጥለያ ላደርጋቸው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በመቀስ ጀመርኩ። ጨርቁ ይሸሻል፣ ጠማማ ወጣ።

ጃዝጉል ገባች። በር ላይ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ጫማውን አወለቀች፣ መጣች፣ የጨርቁን ሌላ ጫፍ ያዘችልኝና ወጠረችው።

«ቀጥ አድርገሽ ቁረጪው፣ አፓ» አለችኝ።